ዘር፣ አፈርና ጫማ፤ የውርስን መዝገብ ማንበብ ለሕሙማን ምን ይፈይዳል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጂኖሚክስና ስለ ባዮኢንፎርማቲክስ እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ስለ መሣሪያዎቹ ለመናገር ነበር። መሣሪያዎቹ በእርግጥ የሚያስደንቁ ናቸው። ሆኖም በዚህ አዳራሽ ከተሰበሰብነው መካከል አብዛኞቻችን ውለን የምናመሸው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ፣ በጤና ጣቢያ ክፍል ወይም በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ዘንድ ስለሆነ፣ ንግግሬን ከመሣሪያው ሳይሆን ከሕመምተኛዋ ለመጀመር መረጥሁ። እግረ መንገዴንም የራሴን ስሕተት አልሸሽግም።

ከዐሥር ዓመት በፊት ገደማ በጎጃም ደጋ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ሁለት እግሮቻቸው እስከ ጉልበት ያበጡ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ለትዳር የደረሰች ነበረች። በሽታው በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ነው። እናቲቱ የጠየቁኝ ስለ ራሳቸው እግር አልነበረም። «ልጄንስ ይይዛታል ወይ?» ነበር ያሉት። በዚያ ሰሞን በሽታው ከዘረመል ጋር ስላለው ግንኙነት የወጣ አዲስ ጥናት አንብቤ ስለነበር፣ ያወቅሁትን ለመናገር ቸኮልሁና «አዎን እማማ፣ በዘር የሚሄድ ነው» አልኋቸው። የክፍሉ በር ክፍት ነበር። በደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት የሰፈራቸው ሰዎችም ሰሙ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቲቱ ለብቻቸው ተመለሱ። ልጅቷን ለማጨት መጥተው የነበሩት ሽማግሌዎች በዚያው ቀርተዋል። እናቲቱ አልተቆጡኝም፤ ባይቆጡኝም ግን የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። «ዶክተር፣ ጎረቤት ሲያወራው ሐሜት ነበር፤ እርስዎ ሲናገሩት ግን ምስክርነት ሆነብን» አሉኝ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ያን ቀን የተናገርሁት ቃል በሳይንስ ረገድ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። እውነት ነው ለማለትም አይቻልም። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለማሳየት የሚደረግ ሙከራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ሲሆን፣ እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ስሙን ያወጡለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሠርተው ነበር። ይህ ዐይነቱ ዝሆኔ በትል ከሚመጣው የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚይዘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሄዱትን፣ በተለይም ገበሬዎችን ነው። ደቃቅ የሆኑ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው በሊምፍ ቧንቧዎች ላይ ብግነት ያስነሣሉ ተብሎ ይታመናል። ቧንቧዎቹ እየጠበቡና እየተደፈኑ ሲሄዱም እግሩ ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ በየጊዜው ትኩሳትና ብርቱ ሥቃይ እየተመላለሰ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ ይጥለዋል። በኢትዮጵያ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ይገመታል።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንሂድ። በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲያርም፣ በሽታው አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተወው ለምንድን ነው? የአገሩ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጣም። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ እንደሚበረታ ከማንም በፊት ያየው እሱ ነው። ያየውን የተረጎመው ግን በእርግማን፣ በአጥንት፣ በደም እያለ ነው። ፕራይስም ይህንኑ የቤተሰብ ነገር አስተውለው ለበሽታው የውርስ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል በ1972 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ጽፈው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ጉዳዩን እስከ ፊደሉ ድረስ ተከታትሎ ለማግኘት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰር ጌል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ የብዙ ትውልድ የዘር ሐረጎችን ሰብስበው መረመሩ። ውጤቱም በ2007 ታተመ። በዚያ ጥናት መሠረት በሽተኛ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው በበሽታው የመያዙ ዕድል ከቀረው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የበሽታው የውርስ መጠንም 63 በመቶ እንደሚሆን ተገመተ። በዚያው ስሌት ውስጥ የሰውየው ዕድሜና ጫማ የማድረግ ልማዱም ጉልህ ድርሻ እንዳላቸው ታየ። ብዙዎቻችን ይህን ጥናት ስንጠቅስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ተናግረን ሦስተኛውን ነገር እንተዋለን።

ይህ 63 በመቶ የሚለው ቁጥር በተለይ ብዙ ስለሚያሳስት ጥቂት ልቆይበት። የአንድ ሰው ሕመም ከመቶው 63 እጅ ከዘር፣ የቀረው 37 እጅ ከአፈር መጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ አንድ ሕዝብ፣ ያውም በአንድ ወቅትና በአንድ ዐይነት አኗኗር ስላለ ሕዝብ ነው። ሁሉም በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግሩ በሚሄድበት ስፍራ፣ አፈሩ ለሁሉም እኩል ስለሆነ፣ በታመመውና ባልታመመው መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከውርስ የመጣ ሆኖ ይታያል። ነገ ግማሹ ሕዝብ ጫማ ቢያደርግ ዋናውን ልዩነት የሚፈጥረው ጫማው ይሆንና የውርሱ መጠን ራሱ ይወርዳል። ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን ከአፈሩ ቢጠብቅ ደግሞ የሚለካ በሽታ አይገኝም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ከዘረመሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም።

እንግዲህ የጂኖሚክስ ሥራ የሚጀምረው በቤተሰብ ውስጥ የታየውን ነገር በፊደል ደረጃ ለማግኘት ሲፈለግ ነው። የሰው ልጅ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የውርስ መዝገብ፣ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሲሆን ርዝመቱ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። መዝገቡን ለማንበብ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በ1990 ተጀምሮ በ2003 መጠናቀቁ ተገለጸ። እስከ 2022 ድረስ ግን ከመቶ ስምንት እጅ የሚሆነው ሳይነበብ ቆይቶ ነበር። የአንድ ሰው መዝገብ ለማነጻጸሪያ ከተያዘው መዝገብ ጋር ሲተያይ ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን በሚሆኑ ስፍራዎች ይለያል። የብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች ያስተያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ ቁም ጸሓፊ አንዲት ፊደል ይለውጣል፤ ሌላው አንድ ቃል ይደግማል፤ ሦስተኛው አንድ መስመር ይዘላል። ከእነዚህ ልዩነቶች አብዛኞቹ ንባቡን አያውኩም። ጥቂቶቹ ግን ምሥጢሩን ይለውጣሉ። ከሚሊዮኖቹ መካከል የትኛው ልዩነት ከበሽታው ጋር እንደሚሄድ በዐይን አይቶ ለመለየት የሚችል ሰው የለም። ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ይኸውም የሥነ ሕይወትን መረጃ በኮምፒዩተር የማደራጀትና የመመርመር ሙያ፣ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

የአሠራሩ መሠረት ግን እጅግ ቀላል ነው። ከታመሙ ሰዎችና ካልታመሙ ሰዎች ደም ወይም ምራቅ ይወሰዳል። በእያንዳንዱ ስፍራ ላይ አንዲቱ ፊደል በታመሙት ዘንድ ስንት ጊዜ፣ ባልታመሙት ዘንድ ስንት ጊዜ እንደምትገኝ ይቆጠራል። ከዚያም ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን ይችል እንደሆነ ይመረመራል። ሁላችንም በትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ ከሃያ አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ሊደርስ የሚችለውን ውጤት ጉልህ ነው ብለን እንቀበላለን። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ስፍራዎችን በአንድ ጊዜ ብንመረምርና በዚሁ መስፈርት ብንጠቀም፣ ምንም እውነተኛ ግንኙነት በሌለበት እንኳ ሃምሳ ሺህ የሐሰት ግኝቶች ይዘን እንወጣለን። ስለዚህ በዚህ ሙያ አንድ ግኝት ተቀባይነት እንዲያገኝ በአጋጣሚ የመድረሱ ዕድል ከሃያ ሚሊዮን አንድ በታች መሆን አለበት።

ሁለተኛም አደጋ አለ። ሕሙማኑን ከአንድ አገር፣ ጤነኞቹን ከሌላ አገር ብንሰበስብ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያገኝልን የበሽታውን ፊደል ሳይሆን የሁለቱን ሕዝቦች የትውልድ ልዩነት ይሆናል። ከጤፍ አገር ሕሙማንን፣ ከእንሰት አገር ጤነኞችን የወሰደ ተመራማሪ፣ ከበሽታው ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸውን መቶ ፊደላት አግኝቼአለሁ ብሎ ሊያውጅ ይችላል። ስለዚህ ጤነኞቹ ከዚያው ስፍራ፣ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ለብዙ ዓመታት ከኖሩት መካከል መመረጥ አለባቸው። ይህን የሚወስነው ኮምፒዩተሩ አይደለም። ጭቃ ረግጦ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው መረጃ ሰብሳቢ ነው።

ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ መንገድ ተከትለው ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞችን መረመሩ። ውጤቱም በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ታተመ። ከበሽታው ጋር የሚሄደው ልዩነት በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት በተባለው አካባቢ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ሳይረኩ አባት፣ እናትና ልጅ ያሉባቸውን 202 ቤተሰቦች መርምረው ግኝቱን አረጋገጡ። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናትም ይኸው ስፍራ በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ዘንድ ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ።

የኤች.ኤል.ኤ. ሥራ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። ክፍል ሁለት የሚባሉት ፕሮቲኖች በሰውነት ውስጥ የተገኘን ባዕድ ነገር ቁራጭ ይዘው ለቲ ሕዋሳት ያቀርባሉ። ቲ ሕዋሳቱም የቀረበላቸውን አይተው ብግነት ያስነሣሉ ወይም ያልፉታል። ከግኝቱ የምንረዳው ትልቁ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ በሽታው አፈር ቧንቧን ስለደፈነ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን፣ ሰውነት ለአፈሩ ከሚሰጠው የመከላከል ምላሽ የሚነሣ ብግነት ሊሆን ይችላል። ለዚህም ተመሳሳይ አለው። ቤሪሊየም የተባለውን ብረት ብናኝ በሥራ ቦታ ከሚተነፍሱ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹን ብቻ የሚይዘው የሳንባ በሽታ ከዚሁ ከኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ልዩነት ጋር ግንኙነት እንዳለው በ1993 ታውቆ ነበር። በአንድ በኩል የአሜሪካ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳንባ፣ በሌላ በኩል የወላይታ ገበሬ እግር፤ ነገሩ ግን አንድ ዐይነት ይመስላል። ጂኖሚክስ ለሕክምና የሚሰጠው ዋናው ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ማን ይታመማል የሚለውን ከመተንበይ ይልቅ፣ በሽታው በምን መንገድ እንደሚሠራ ያሳየናል።

ትንበያውን በሚመለከት ግን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። በ2012ቱ ጥናት ዋናዋ ፊደል ከበሽታው ጋር የነበራት የዕድል ንጽጽር 2.44 ነበር። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ፊደሏ ከሌለባቸውና በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ መቶ ሰዎች ሦስቱ ይታመማሉ እንበል። ፊደሏ ካለችባቸው መቶ ሰዎች የሚታመሙት ሰባት ያህል ይሆናሉ ማለት ነው። ዘጠና ሦስቱ ግን ፊደሏን ተሸክመው፣ በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ ሳይታመሙ ይኖራሉ። ፊደሏ ከሌለባቸውም ሦስቱ ታመዋል። በዚህ ስሌት ተመርኩዞ አንዲትን ልጃገረድ «ይህች ትታመማለች፣ ይህች አትታመምም» ብሎ ለመለየት ከቶ አይቻልም። ሽማግሌዎቹን ያስቀረው ቃሌ ግን ልክ ይህን የሚል ይመስል ነበር።

ከዚህም በላይ ፍጹም በሆነ ውርስ የሚመጣ በሽታ እንኳ ዕጣ ፈንታ ላይሆን ይችላል። ፊኒልኬቶኑሪያ የተባለው በሽታ ከአባትና ከእናት በሚወረስ የዘረመል ጉድለት ይመጣል። በጊዜው ካልታወቀ የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። ሆኖም ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እንደታየው፣ ሕፃኑ ገና እንደተወለደ ከታወቀና ምግቡ በጥንቃቄ ከተመረጠለት በደኅና ያድጋል። ዝሆኔም ከዚህ የቀለለ ነው እንጂ የከበደ አይደለም። ያለዚያ አፈር በሽታው የለም። ለያዘውም ሰው እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ይረዳዋል። በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ በየጊዜው የሚያገረሸውን ትኩሳትና ሥቃይ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶታል። ጫማ ለመግዛት ገንዘብ፣ እግር ለመታጠብም ውኃ እንደሚያስፈልግ ግን የማናችንም ዘመናዊ መሣሪያ ሊያስረሳን አይገባም።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ግኝቱ ትርጉም ነው። ቆጠራው ራሱ ሊሳሳት እንደሚችልም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ምሳሌው ስለ በሽታ ባይሆንም ትምህርቱ ለሁላችን ነው። በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ ከተገኘ፣ 4,500 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ የሰው አጥንት ሙሉ ጂኖም ተነብቦ በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ከዚህም ተነሥቶ፣ ከዚያ ዘመን በኋላ ከኢሮእስያ የተመለሱ ሕዝቦች የውርስ አሻራ እስከ አፍሪካ ዳር ድረስ ደርሷል ተባለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው መረጃ ላይ ስሌቱን ሲደግሙት አልመጣላቸውም። ጉዳዩ ሲመረመር፣ የሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አጻጻፍ ስላልተጣጣመ መረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያስፈልግ አንድ እርምጃ ተዘልሎ ተገኘ። ጸሓፊዎቹ ስሕተታቸውን በ2016 መጀመሪያ በይፋ አረሙ። አሻራው በምሥራቅ አፍሪካ መኖሩ እንደጸና ቀረ፤ መላውን አፍሪካ አዳርሷል የሚለው አባባል ግን ተሻረ። አጥንቱም ንባቡም ደኅና ነበሩ። የተሳሳተው በመካከል ያለው፣ ማንም የማያየው አንድ እርምጃ ነው። ስሕተቱ ሊታወቅ የቻለው ደግሞ መረጃው ለሌሎች ክፍት ስለነበረና ባለቤቶቹም ስሕተታቸውን ለመቀበል ስላላፈሩ ነው። እኛም የምንማረው መረጃን መደበቅ ሳይሆን እያንዳንዱን የስሌት እርምጃ ጽፎ ለባልደረባ ዐይን ማቅረብን ነው።

ሌላው የሚያሳስበው ነገር በዓለም መዝገብ ውስጥ ያለን ቦታ ነው። በ2016 በወጣ አንድ ቆጠራ መሠረት፣ እንዲህ ባሉ የጂኖም ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች ከመቶ 81ዱ የአውሮጳ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። የሰው ልጅ የውርስ ልዩነት እጅግ ሰፍቶ የሚገኘው ግን በአፍሪካ ነው። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እስከ መድኀኒት መደርደሪያችን ድረስ ይዘልቃል። በ1996 በእነ ኤሌኒ አክሊሉ የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለውን ዘረመል ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አሳየ። ይህ ዘረመል በጉበት ውስጥ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠውን ኢንዛይም የሚያዝዝ ነው። ዘረመሉ ሲደጋገም ለውጡ ስለሚፈጥን፣ በተለመደው መጠን የተሰጠ ኮዴይን ለአንዳንዱ ሰው ከመጠን በላይ ሊሆንበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ባለ ሥልጣን በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ሲወስን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። የመጠን ሰንጠረዣችን የተጻፈው በሌሎች ሰውነት ላይ ተለክቶ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ «ናሙናችን ይጨመር» ብሎ መጮኽ ብቻ በቂ አይደለም፤ ናሙናው የሰው ነውና። ወደ ወላይታው ጥናት ልመለስ። ተመራማሪዎቹ ደም ከመውሰዳቸው በፊት ስለ ፈቃድ አጠያየቅ ሕዝቡን ጠይቀው ነበር፤ ውጤቱም በ2009 ታትሟል። ከሕሙማኑና ከቤተሰቦቻቸው የተሰማው ሥጋት፣ የውርስ ጥናት ሲደረግ በሽታው በቤተሰብ የሚሄድ መሆኑ በይፋ ወጥቶ መገለሉን ያብስብናል የሚል ነበር። ይህ ያለማወቅ ፍርሃት አልነበረም። እኔ በጎጃም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያደረስሁትን ጉዳት እነሱ አስቀድመው አይተውት ነበር። ያንን ጽሑፍ ከዚያች እናት ጋር ከመነጋገሬ በፊት አንብቤው ቢሆን ኖሮ በሩን በዘጋሁ ነበር።

ችግሩ በከፊል የቋንቋችን ነው። «ዘር» ስንል የሚዘራውን እህል እንላለን፤ ትውልድን እንላለን፤ ነገድን እንላለን፤ አሁን ደግሞ ዘረመልን ጨምረንበታል። ሐኪሙ አራተኛውን አስቦ ሲናገር አድማጩ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። ሐኪሙ ስለ አንዲት ፊደል ሲናገር ቤተሰቡ በሙሉ ይፈረድበታል። ቃሉን ከቋንቋው ለማውጣት አንችልም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ዐረፍተ ነገሩን ሳንጨርስ አለማቆም ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ስለ ውርስ የምንናገረው በር ዘግተን፣ ለባለ ጉዳዩ ብቻ፣ መከላከያውንና ሕክምናውን በዚያው ትንፋሽ አያይዘን ይሁን። ሁለተኛ፣ ናሙና በሚሰበሰብበት ጥናት ሁሉ የምንሳተፍ ሰዎች፣ ሕዝቡ ምን እንደሚፈራ አስቀድመን እንጠይቅ፤ የተገኘውንም ውጤት ደም ወደ ሰጠው መንደር በሚገባው ቋንቋ እንመልስ። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን የሚያሰሉ ሰዎችን እናፍራ። የላቦራቶሪ ማሽን በገንዘብ ይገዛል። መረጃውን ጠይቆ፣ ተጠራጥሮና አርሞ የሚያነብ ሰው ግን የብዙ ዓመት ትምህርትና በየዕለቱ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ከነሐኪሞቹና ከነርሶቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ይህ ጤነኛ የተባለው ሰው በእርግጥ በባዶ እግሩ ኖሯልን ብሎ የሚጠይቅ የስሌት ባለሙያ ካላገኘን፣ የሌሎችን መደምደሚያ ተቀብለን ከማስተጋባት አናልፍም።

በመጨረሻ ወደዚያች እናት እመለሳለሁ። ያን ጊዜ የተበላሸውን ለማቃናት አልተቻለኝም። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ግን በሩን ዘግቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «እማማ፣ ይህ በሽታ ከአፈሩ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ሰው እግሩ ለአፈሩ ቶሎ ይቆጣል፤ ይህም ጠባይ እንደ መልክና እንደ ቁመት ከወላጅ ሊወረስ ይችላል። እግሯ ከአፈሩ ከተጠበቀ ግን በሽታው አይይዛትም። ዛሬውኑ ጫማ ታድርግ፤ ማታ ማታም እግሯን በሳሙና ትታጠብ። ልጆች ስትወልድም ከመጀመሪያ እርምጃቸው ጀምሮ እንዲሁ ታድርግላቸው። እርስዎም ቢሆኑ እግርዎን እንዴት እንደሚንከባከቡ አሁን አሳይዎታለሁ፤ ሥቃዩ ይቀንስልዎታል።»

ይህ ንግግር በሰዓት ቢለካ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ያለ ሃምሳ ዓመቱ ጥናት ግን በሙሉ ልብ ለመናገር አይቻልም ነበር። ከሦስት ቢሊዮን ፊደላት መካከል ያቺን ስፍራ ለማግኘት የተደከመው ድካም ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ እነዚህን ሁለት ደቂቃዎች በትክክል ለመናገር እንዲያስችለን ነው።